ከእልልታው በኋላ ያለችው ሰዓት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ አዋላጅ ነርስ «እንግዴ ልጁ አልወጣ ሲል ስንት ደቂቃ ልጠብቅ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ደቂቃ፤ ደም እየፈሰሳት ከሆነ ግን አንድም ደቂቃ አትጠብቂ። መልሱ ይኸው ነው፣ መመሪያው ላይም አለ። ጥያቄው ግን በ1974 ዓ.ም. በደጋው ጎጃም ወልዳ ያለፈች አንዲት እናት አስታወሰኝና እንቅልፌን ወሰደው።

ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሞላ ነው፤ የሞተችው በስድስተኛ ልጇ ነው። ዶሮ ሲጮህ ተነስታ ወፍጮው ላይ ትንበረከካለች፤ ለአንድ ሌማት እንጀራ የሚሆን ጤፍ በእጅ ሲፈጭ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሲነጋ እንስራዋን አዝላ ምንጭ ትወርዳለች። እንስራው ሲሞላ ሃያ ሊትር ግድም ይይዛል፤ ዳገቱ ደግሞ የሚመጣው ሲመለሱ ነው። ከዚያ የገበሬው ምሳ፣ ከዚያ ኩበት መጠፍጠፍ፣ ማታ በኩራዝ ፈትል። ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀን፣ ፍልሰታን አንዱንም አታስታጉልም፤ የንስሐ አባቷ «ነፍሰ ጡር ነሽ» ብለው ቢፈቅዱላትም እሷ እሺ አላለችም። ዛሬ ይህን ስትሰሙ ጾሙን ለመውቀስ እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። በፍስኩስ ምን ነበራት? ሥጋ ለበዓል ነው፤ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ገበያ ይወጣል። ደሟ የሳሳ እናት፣ ሌላዋ የምትቋቋመው ግማሽ ሊትር ደም እሷን ይጥላታል።

ምጥ የያዛት ማታ ነው። የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም ማርያም» እያሉ ወገቧን ደግፈው አደሩ። ጎሕ ሲቀድ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ሰባት ጊዜ እልል ተባለ። ገንፎው ተጣደ፣ ልጁ ታጠበ፣ ቅቤ ቀመሰ። ቤቱ በሙሉ ወደ ልጁ ዞረ። እናቲቱ «በረደኝ» አለች፣ ጋቢ ደረቡላት። «ጠማኝ» አለች፣ አጥሚት ሰጧት። ብርዱም ጥማቱም ደሟ እያለቀ መሆኑን የሚናገር ነበር። ከሥሯ የተነጠፈው ቁርበት ደሙን አይመጥም፤ ወደ መደቡ እያንሸራተተ ያፈሰው ነበር፤ አፈሩም ይውጠዋል። ስለዚህ ምን ያህል እንደፈሰሰ ዓይን የሚያየው ነገር አልነበረም።

አዋላጇ አሮጊት እንግዴ ልጁ ሲዘገይባት እትብቱን ጎተተችው፣ ተበጠሰ። ከዚያ በቅቤ ሆዷን ማሸት ያዘች። እነዚያን ሴቶች መሀይም የሚል ሰው አልወድም፤ ማሸቱ ትክክል ነበር፣ ዘገየ እንጂ። መጎተቱን ሳስብ ግን እስከ ዛሬ እናደድባቸዋለሁ።

ጎተተች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። የመውለጃዋ ጊዜ ሲደርስ ወደ ማኅፀን በደቂቃ ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ደም ይገባል። እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ የሚከፈቱትን የደም ሥሮች የሚዘጋቸው ጡንቻው ራሱ ነው፤ ሲኮማተር በመካከሉ የሚያልፉትን ሥሮች እንደ ቋጠሮ ያንቃቸዋል። እንግዴ ልጁ ወይም ቁራጩ ውስጥ ከቀረ፣ አለዚያም ፊኛዋ በሽንት ከተወጠረ፣ መኮማተር ያቅተዋል። ገና ባልጠነከረ ማኅፀን ላይ እትብት ሲሳብ ወይ ሊበጠስ፣ ወይ ማኅፀኑ ተገልብጦ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ የሚፈስሳት ሴት ካልታከመች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

እሷ በቃሬዛ ብቻ አራት ሰዓት ተጓዘች። ስምንት ጎረምሶች አራት አራት እየሆኑ ሲቀያየሩ አመጧት፤ ስትደርስ ከንፈሯ እንደ ጨርቅ ነጥቷል። በነበርኩበት ክሊኒክ የተገኘው ኤርጎሜትሪን፣ ማኅፀን የሚያኮማትረው መርፌ፣ ከመስኮት ሥር ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነበር፤ ፈሳሹ ቀለሙን ለውጧል። ወጋኋት። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብላ የሌላ ልጇን ዓይን ልታሳክም መጥታ፣ በወሬ መካከል «ባለፈው ስወልድ ብዙ ፈሰሰኝ» ብላኝ ነበር። የዓይን ቅባት ሰጥቼ ሸኝቻት ነበር።

አሁን ማኅፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን አላችሁ፤ እሱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ካላገኘ እያደር ውኃ ይሆናል፣ ፍሪጁን ጠዋት ጠዋት ክፈቱና ቴርሞሜትሩን እዩ። ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩን ዳስሳችሁ፣ ልጁ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ጡንቻ ላይ መውጋቱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችሁ ትሉታላችሁ፣ አልደግመውም። የምለምናችሁ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ለሁለት ሰዓት በየ15 ደቂቃው እምብርቷ ሥር እጃችሁን አሳርፉ፤ ማኅፀኑ ጠንካራ ኳስ መምሰል አለበት፣ ልል ከሆነ እሹት፣ ሽንቷንም አሸኗት። ከሥሯ ያለውን ጨርቅ ራሳችሁ አንሱና እዩ፤ «ደህና ነኝ» ስላለቻችሁ አትለፉ። የዛሬ ልጆች ከእኛ ብዙ ታውቃላችሁ፣ እቀናባችኋለሁም። ግን ፓርቶግራፉን፣ ምጡ እየሄደ ሳለ የሚሞላውን የመከታተያ ቅጽ፣ ከወሊድ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ስታስተካክሉ፣ ልጁ ሲወለድ ደግሞ ለፎቶ ስልክ ስታወጡ አይቻለሁ። ያ ከእልልታው የተለየ አይደለም፤ ሁሉም ዓይን ወደ ልጁ።

ነገሩ ተሻሽሏል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 412 ሆኗል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ግን ቀላል አይምሰላችሁ፤ በእያንዳንዱ ቤት ገንፎ ተጥዶ ነበር።

በዚያው ቀን ማታ ፍትሐት ተደርጎላት ተቀበረች። ልጁን አክስቱ ከራሷ ልጅ ጋር አጠባችው፣ ተረፈ። ወንድ ነውና ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነው፤ የእናቱም ተዝካር በ40 ቀኗ ነው። ጠዋት ቄሱ ልጁን አጠመቁት፤ ከሰዓት በደጀ ሰላሙ የእናቱን ተዝካር ባረኩ። ለሁለቱም የቀረበው ጠላ ከአንድ ጋን ነበር የተቀዳው።