«ዐቃቤ ሕጎች» ወይስ «ዐቃብያነ ሕግ»?

ጥያቄ፦ በዜና «የሙስናና የተደራጀ ወንጀል ዐቃቤ ሕጎች» ሲባል እሰማለሁ፤ መምህራችን ግን «ዐቃብያነ ሕግ» በሉ ይሉን ነበር። የቱ ይሻላል? ደግሞስ በቀላሉ «ከሳሽ» ቢባል ምን ይጎድላል?

መልስ፦ መምህርዎ ልክ ናቸው፤ እኔም ይህ ቃል ሲጎሳቆል ዝም ማለት አይሆንልኝም። «ዐቃቢ» ከግእዙ «ዐቀበ» (ጠበቀ) የወጣ ሣልስ ቅጽል ነው፤ ዘርፍ (ተከትሎት የሚመጣውን ስም፣ እዚህ «ሕግ»ን) ሲይዝ መድረሻው ወደ ኃምስ ተለውጦ «ዐቃቤ ሕግ» ይላል፤ ሲበዛ «ዐቃብያን»፣ ከዘርፉ ጋር «ዐቃብያነ ሕግ» ይሆናል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔቶች ይዘውት የነበረው የ«ዐቃቤ ሰዓት» ማዕረግ፣ «ዕቅበተ እምነት»፣ ሌላው ቀርቶ «ዕቁባት» እንኳ የዚሁ ግሥ ልጆች ናቸው። በችሎት ከዐቃቤ ሕጉ ፊት የሚቆመው «ጠበቃ»ም ከአማርኛው «ጠበቀ» የወጣ ስለሆነ፣ እዚያ የሚሟገቱት ሁለት ጠባቂዎች ናቸው።

«ከሳሽ» ይበቃል የሚሉትን ግን አልቀበልም። ከሳሽ ሲባል በደል የደረሰበት ሰው ይታሰበናል፤ በጉቦ ጊዜ ሰጪውም ተቀባዩም ዝም ይላሉ፣ በተደራጀ ወንጀል ደግሞ ምስክሩ ይፈራል፤ ስለዚህ አቤት ባይ በሌለበት ስለ ሕጉ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ይኸው ሰው ማስረጃ ካልበቃው ክስ አይመሠርትም፣ የመሠረተውንም ሊያነሣ ይችላል፣ የተመዘበረ ሀብት እንዲታገድና እንዲወረስ ያመለክታል። «ሙስና»ም ከ«ማሰነ» (ጠፋ፣ ተበላሸ) የመጣ እንጂ ጉቦ ብቻ አይደለም፤ በግእዙ 15ኛው መዝሙረ ዳዊት «ሙስና» ያለውን አማርኛው «መበስበስ» ይለዋል። አዋጅ ቁጥር 881/2007ም ከጉቦ አልፎ በሥልጣን አላግባብ መገልገልን የሙስና ወንጀል ያደርጋል።

በ«ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ» ላይ «ጠቅላይ» የሚለውም በዋዛ የተቀጠለ አይደለም፤ ጠቅልሎ የያዘ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 943/2008 የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግን ሲያቋቁም፣ በሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን እጅ የነበረውን የሙስና ክስ ከታክስና ከጉምሩክ ክስ ጋር በአንድ ጠቀለለው። በኅዳር 2011 ብርሃኑ ጸጋዬ በሙስናና በሰብዓዊ መብት ጥሰት ስለተጠረጠሩ ሰዎች መግለጫ የሰጡት በዚህ ማዕረግ ነበር። በ2014 አዋጅ ቁጥር 1263 ሥልጣኑን ለፍትሕ ሚኒስቴር ሲያስተላልፍ ሌላው ስለ ተቋሙ ተከራከረ፤ እኔ ስለ ቃሉ አዘንሁ።

ወደ ብዜቱ ስመለስ፣ «ዐቃቤ ሕጎች» በሰዋስው ዐይን አንድ ሰው የሚጠብቃቸው ብዙ ሕጎች እንጂ ብዙ ጠባቂዎች አይደሉም። ሆኖም ሕዝቡ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ስም ቆጥሯቸዋል፤ «ቤተ ክርስቲያኖች» ሲባልም የሚከፋው የለም። ይባስ ብሎ እኔው ራሴ «ዐቃቤ ሕጉ ተናገረ» እላለሁ፤ እዚህ ላይ «ኡ» የተለጠፈችው በሕጉ ላይ ሆና ሳለ የምታመለክተው ሰውየውን ነው። በነጠላው የፈቀድሁትን በብዙው ልከለክል አልችልምና፣ «ዐቃቤ ሕጎች» ቢሉ ስሕተት ነው አልልዎትም፤ እኔ ግን «ዐቃብያነ ሕግ» እያልሁ እቀጥላለሁ። የነጠላውን ኃምስ («ቤ») ከብዜቱ («ያነ») ጋር አስሮ ደግሞ «ሕግ»ንም በማብዛት ሁለት ጊዜ የሚያበዛውን «ዐቃቤያነ ሕጎች»ን ግን በማንም ጽሑፍ ላይ ባገኘው አርመዋለሁ።