ፖምፓው አይነካ፤ መጀመሪያ ቴርሞስታቱ ይመለስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቱርቦ የሌላት አሮጌ የናፍጣ ሀይሉክስ አለችኝ፤ ድንች ጭኜ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ድሮ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ ነበር፤ አሁን 7 ብትደርስ ነው። ዓምና 205 የነበረውን ባለ 16 ጎማ አውጥቼ 265 በ75 አስገጠምኩ። ሞተሩ ሲግልብኝም መካኒኬ ቴርሞስታቱን አወጣልኝ፣ ግለቱ ቆመ። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ትለቃለች። አሁን ደግሞ «የናፍጣ ፖምፓውን ትንሽ ከፈት እናድርገው፤ ጉልበት ስታገኝ ነዳጅ ትቆጥባለች» ይለኛል። ልስማው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ነገር አይስሙት። ጥቁር ጭስ ማለት አየር አጥቶ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። እርስዎ የሚነዱት 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ሞተሩ የሚስበው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንን ጉድለት የሚሞላበት መንገድ የለውም። ፖምፓው ሲከፈት የሚጨምረው ናፍጣ እንጂ አየር አይደለም፤ ትርፉ ጭስ ነው። ይልቅ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ወደ ፀሐይ ያንሱት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ይቀይሩት።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ቴርሞስታቱ ነው። ልጅ ሳለሁ መርካቶ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ የሞቀ መኪና በመጣ ቁጥር ቴርሞስታት አውጥተን እንጥል ነበር። ባለመኪናው አመስግኖን ይሄዳል፤ ከዓመት በኋላ ሞተሩ ተበልቶ ይመለሳል። ዛሬም ይቆጨኛል። ቴርሞስታት ውሃው 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ሞተሩን ያሞቃል። እሱ ከሌለ በደብረ ብርሃን ብርድ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ አዲስ አበባ ይገባል። የቀዘቀዘ ሞተር ናፍጣውን በደንብ አያቃጥልም፤ ዘይቱም ወፍራም ሆኖ ስለሚይዘው ለመዞር ብቻ ብዙ ይበላል። ግማሽ ሰዓት ነድተው የሙቀት መርፌው ከታች ካልተነሣ ምልክቱ ይኸው ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ የጋለበት ምክንያት ግን ሌላ ቦታ አለ፤ የራዲያተሩን ቱቦዎች ያስጠርጉ፣ የማራገቢያውን ቺንጋ ያሳዩ፣ ከዚያ አዲስ ቴርሞስታት ያስገጥሙ።

ስለ ጎማው፦ ከነዳጁ ሂሳብ ላይ የተወሰነው የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የዋሸዎት ነው። አዲሱ ጎማ ከአሮጌው በ9 በመቶ ያህል ይረዝማል፤ ቆጣሪው 100 ሲል እርስዎ 109 ገደማ ሄደዋል። ስለዚህ 7 ያሉኝ በእውነቱ ከ7 ተኩል ያልፋል። ቀሪው ጉድለት ግን እውነተኛ ነው፤ ጎማው ከባድ ነው፣ ማርሹንም ስለሚያከብደው ዳገት ላይ ቶሎ ቶሎ ያስቀንሳል። ሲያልቅ ወደ 205 ይመለሱ። እስከዚያው ነፋሱን ጠዋት ሳይነዱ ያስለኩ።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ መንገዱን ስለማውቀው ዝም ማለት አልቻልኩም። ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ ከሆነ ከጣርማ በር ቁልቁል ከማርሽ አውጥተው አይልቀቁ። ብዙ ሾፌር ነዳጅ የሚቆጥብ ይመስለዋል። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሡ ፖምፓው ናፍጣውን ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ከማርሽ ከወጣ ግን ሞተሩ ላለመጥፋት ናፍጣ ይጠጣል፣ ጭነቱንም ፍሬኑ ብቻውን ይሸከማል። ድንች የጫነ መኪና በጋለ ፍሬን እዚያ ገደል ላይ ምን እንደሚሆን ያውቁታል።

ይህን ሁሉ ሲጨርሱ ታንከሩን እስከ አፉ ሞልተው አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሰው ይመለሱ፤ እዚያው ማደያ መልሰው ሞልተው የገባውን ሊትር ይጻፉ። ጭሱ ያኔም ካልቀነሰ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኖዝሎች አውጥቶ በመሣሪያ የሚፈትሽ የናፍጣ ባለሙያ ጋ ይሂዱ። ፖምፓው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ።