ኪሱሙ፣ ብድርና ቁጠባ፣ በጎ ፈቃድ፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኬንያ ሄዶ በብድርና ቁጠባ ተቋም በነፃ ስለማገልገል ብዙዎቻችሁ በግል ስለምትጠይቁኝ ሁሉንም እዚህ ልመልስ። አማራ ክልል ውስጥ ለዓመታት የብድር ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ሥራዬም ሒሳብ ነው። በመሃል ኪሱሙ ሄጄ በአንድ ትንሽ ተቋም በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። የማውቀው ምዕራብ ኬንያን፣ የቪክቶሪያ ሐይቅን ዳርቻ ነው። ስለ ሞምባሳ አትጠይቁኝ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ማሳሰቢያ። የተበዳሪ ገንዘብ በእጃችሁም በስልካችሁም አይግባ። የብድሩን ትክክለኛ ዋጋ ሳታውቁ ደግሞ የማንንም ተበዳሪ ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ።

ከዳላስ፦ ጋሼ እናመሰግናለን። እንዴት ነው የሚኬደው? ማን ነው የሚወስደው?

መላሽ፦ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከብዙ ሰው በኢንተርኔት ገንዘብ እያሰባሰቡ ለአበዳሪ ተቋማት በሚያቀርቡ ድርጅቶች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተመሠረተው ኪቫ ለዓመታት በጎ ፈቃደኞችን ወደ አጋር ተቋማቱ ሲልክ ነበር፤ ዛሬም ይልክ እንደሆነ ራስህ አረጋግጥ። ሌላው በቀጥታ ለተቋሙ መጻፍ ነው። እኔ የሄድኩት በዚህኛው ነው። በሁለቱም ቢሆን የአውሮፕላን ቲኬቱና የቤት ኪራዩ በአብዛኛው ከራስ ኪስ ነው። አንድ ነገር ልብ በል፦ ኬንያ ውስጥ ደሞዝ ባይከፈልህም ሥራ ሥራ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል። "ቱሪስት ነኝ ብለህ ግባ" የሚልህ ተቋም ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ።

የወሎ ልጅ፦ እዚያ ስንደርስ የምንሠራው ምንድን ነው?

መላሽ፦ ገንዘብ አታበድርም። ብድር መወሰን የተቋሙ ሠራተኛ ሥራ ነው። አንተ መዝገብ ታያለህ፣ ተበዳሪዋ ቤት ሄደህ "ይህን ያህል ወስደሻል ወይ?" ብለህ ታረጋግጣለህ፣ ደብተሯን ከኮምፒውተሩ ጋር ታመሳክራለህ፣ ሪፖርት ታዘጋጃለህ። ኤክሴል በደንብ የሚችል ሰው በጣም ይፈለጋል። ንግግር የሚችል ብዙ አለ።

ከሀምቡርግ፦ ኬንያ እንዴት ነች?

መላሽ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። ማወቅ የምትፈልገውን ለይተህ ጠይቅ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ "የብድሩ ትክክለኛ ዋጋ" ያሉት አልገባኝም። ወለዱ ውሉ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?

መላሽ፦ ጎሽ፣ ልጄ! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ተጽፏል፤ ግን እንዴት እንደሚሰላ ካላወቅሽ የተጻፈው ቁጥር ምንም አይነግርሽም።

አንዲት ሴት 20,000 ሽልንግ ተበደረች እንበል። ወለዱ በዓመት 20 በመቶ፣ መክፈያው 12 ወር ነው። ተቋሙ 20 በመቶውን በመነሻው ገንዘብ ላይ ያሰላና 4,000 ሽልንግ ይጨምራል። ድምሩ 24,000፣ በወር 2,000 ማለት ነው። ጥሩ ይመስላል። ስድስተኛው ወር ላይ ግን ከዋናው ገንዘብ ግማሹን፣ 10,000ውን መልሳለች። እጇ ላይ የቀረው 10,000 ብቻ ነው። ወለዱን ግን ዛሬም የምትከፍለው 20,000ው ሁሉ እጇ እንዳለ ተደርጎ ነው። በቀሪው ዕዳ ላይ ብናሰላው ያ 20 በመቶ ወደ 35 በመቶ ይጠጋል።

ገና አልጨረስኩም። ብዙ ተቋማት የግዴታ ቁጠባ አላቸው። ከ20,000ው ላይ 10 በመቶ ቢያዝባት ይዛ የምትወጣው 18,000 ነው። ወለዱ ግን በ20,000 ነው። በዚያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ፣ የመድን፣ የፎርም አለ። እነዚህን ሁሉ ደምረሽ ካላየሽ ብድሩ ርካሽ ነው ወይስ ውድ ብለሽ መናገር አትችይም። የእኛም አገር የብድር ተቋማት ተበዳሪዎች ይህን ስሌት ያውቁታል፤ ስሙን ባያውቁትም ኪሳቸው ያውቀዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንትሽ የአንዲት ተበዳሪ የክፍያ ሠንጠረዥ ለምኚና ራስሽ ወረቀት ላይ አስይው። ሠንጠረዡን የማያሳይሽ ተቋም ውስጥ አትቀመጪ።

ከሪያድ፦ ወለድ ካለበት ከነጭራሹ ባይኬድበትስ? ሐራም ነው። ድሃን ማገዝ በዚህ መንገድ አይደለም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ወንድሜ፣ ያለ ወለድ የሚሠሩም አሉ እኮ። አገራችንም ከወለድ ነፃ ባንክ ከተከፈተ ቆየ።

ከሪያድ፦ ባንክ ሌላ፣ ለገጠር ሴት የሚደርስ ሌላ። እቁብ ምን አጣ?

የባሕር ዳር ልጅ፦ እቁብ ዕጣ ነው። ከብቷ ዛሬ ታሞባት ዕጣው በስምንተኛው ወር ቢደርሳት ምን ይጠቅማታል?

ከሪያድ፦ ሰብሳቢውን ብትለምን ያስቀድሟታል። ሰው ለሰው ነው።

የባሕር ዳር ልጅ፦ ሁሉም ሰብሳቢ እንደዚያ አይደለም።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ያነሳችሁት ቁም ነገር ነው፤ ግን ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ኬንያም እቁብ አለ፤ ቻማ ይሉታል። ገንዘቡን በየተራ የሚወስዱት አለ፣ አጠራቅመው ለአባላት የሚያበድሩትም አለ። እኔ ባየሁት መንደር ሴቶቹ ሳጥን ነበራቸው። ሦስት ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን ነው። ሦስቱን ቁልፍ ሦስት ሴቶች ይይዛሉ፤ ሦስቱም ካልተገኙ አይከፈትም። እንዲህ ያለ ቡድን ባለበት መንደር ተቋሙ ገብቶ ምን እንደሚጨምር መጠየቅ አለባችሁ። አንዳንዴ መልሱ "ምንም" ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ሰላም ጋሼ፣ መመዝገቢያው የት ነው? እንዴት ነው የሚኬደው?

መላሽ፦ ለዳላሱ መልሻለሁ። ከላይ አንብብ።

የወሎ ልጅ፦ ሰው ለምንድን ነው ክፍያ የሚያቋርጠው? ስንፍና ነው ወይስ ማታለል?

መላሽ፦ ሁለቱም አይደለም። እኔ በማውቀው አብዛኛውን ጊዜ የክፍያው ቀንና የገቢው ቀን አይገናኙም።

የሐይቁን ዳር ሴቶች ልንገርህ። ኦሜና የሚባል ከጣት የሚያንስ ዓሣ አለ። ሴቶቹ ከአጥማጆቹ ይገዙና መሬት ላይ በተዘረጋ መረብ ላይ አስጥተው፣ አድርቀው ይሸጡታል። ዓሣው የሚጠመደው በሌሊት ነው። ጀልባዎቹ ፋኖስ ያበራሉ፣ ዓሣው ወደ ብርሃኑ ይመጣል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ግን ውኃው ሁሉ ብርሃን ስለሆነ ፋኖሱ ዓሣ አይስብም። ስለዚህ በነዚያ ቀናት ጀልባው አይወጣም። ጀልባው ካልወጣ ዓሣ የለም፤ ዓሣ ከሌለ ሽያጭ የለም። ዝናብ ከመጣ ደግሞ የተሰጣው ይበሰብሳል። በዓመት ውስጥ ኦሜና ማጥመድ የሚከለከልበት ወቅትም አለ።

አሁን ይህችን ሴት በየሳምንቱ ማክሰኞ ክፈይ ትላታለህ። ጨረቃ በሞላችበት ማክሰኞ ከየት ታምጣ? ከጎረቤት ትበደራለች፣ ወይም በስልክ ከሚያበድሩት ትወስዳለች። የተበዳሪዎቹ ቡድን ለክፍያ በሚሰበሰብበት ላይ የአንዷ ወንበር ባዶ ሲሆን አይቻለሁ። ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ አንዷ ከመቀነቷ የታጠፈ ሃምሳ ሽልንግ አወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በቡድን ዋስትና የሚሰጥ ብድር እንዲህ ነው የሚሞላው። ሪፖርቱ ላይ "መቶ በመቶ ተከፍሏል" ተብሎ ይጻፋል። ያን ቁጥር ስታዩ የማን ገንዘብ እንደሆነ ጠይቁ። የቡድን ጫና ሲበዛ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕንድ አንድራ ፕራዴሽ የሆነውን አንብቡ። ከአቅም በላይ የተበደሩ ሰዎች ራሳቸውን ማጥፋታቸው ሲወራ መንግሥት ገብቶ የብድር አሰባሰቡን ገደበ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ስለ ጤናስ? እኔ አዲስ አበባ ያደግሁ ነኝ፤ አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ ችግር የለም ይሉኛል።

መላሽ፦ የሚሉሽን አትስሚ። ኪሱሙ ከፍታዋ ከ1,100 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ወባ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ። አዲስ አበባ ማደግ ከወባ አያድንም። ከመሄድሽ በፊት ሐኪም አማክሪ፣ አጎበር ይኑርሽ። ከዚህ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከዳላስ፦ ምግብስ? ጾም እጾማለሁ።

መላሽ፦ ኡጋሊና ሱኩማ። የበቆሎ ገንፎና ጎመን በለው። ባቄላም አለ። መራብስ አትራብም።

የባሕር ዳር ልጅ፦ ጤፍ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ናይሮቢ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል እኮ።

የባሕር ዳር ልጅ፦ ናይሮቢና ኪሱሙ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እሁድ እሁድ እንጀራ ፍለጋ ናይሮቢ ሊወርድ ነው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ደረቅ እንጀራ አስልኮ መብላት ይቻላል።

መላሽ፦ በምግቡ ይበቃል። የሰዎቹን ማዕድ አትግፉ። ሲጋብዟችሁ ብሉ፣ ከእጃቸውም ተቀበሉ።

ከሀምቡርግ፦ እሺ ለይቼ ልጠይቅ። ቀጠሮ ያከብራሉ? የሥራ ባህሉስ?

መላሽ፦ አሁን ጠየቅክ። ሰዓቱ እንደኛ ነው። በስዋሂሊ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለት ፈረንጅ ስምንት የሚለው ነው። ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ሲደናገሩ አንተ አትደናገርም። ግን ሰውየው ወደ እንግሊዝኛ ከዞረ ሰዓቱም አብሮ ይዞራል፤ እዚያ ላይ ተጠንቀቅ።

ስብሰባ ላይ ስትደርስ ለሁሉም በየተራ እጅ ስጥ። አንዷን ብትዘል ይታወቅብሃል። ስብሰባው በጸሎት ይከፈታል። እናቶችን በልጃቸው ስም ጥራ፤ እኛስ "የእገሌ እናት" እንል የለ? የአካባቢው ሕዝብ በሆኑት በሉዎዎች ዘንድ ደግሞ ለቅሶ ትልቅ ነገር ነው። ቀብር ካለ ሥራ ይቆማል፣ ገንዘብም ይዋጣል። ለቅሶ መድረስ ታውቃለህ፤ እንደ አገርህ ሂድ፣ ተቀመጥ፣ አቅምህ የፈቀደውን አዋጣ። የብድር ሠራተኛው በቀብር ሰሞን ክፍያ ልሰብስብ ብሎ ሲነሳ አብረህ አትነሳ።

ከአዲስ አበባ፦ ኤምፔሳ ላይ ገንዘብ ብቀበልላቸው ይቀልላቸዋል፤ ችግር አለው?

መላሽ፦ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? በእጃችሁም በስልካችሁም አይግባ! ኤምፔሳ፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለ። ሴቶቹ ከአንተ በላይ ያውቁታል፤ ያንተን ስልክ አይፈልጉም። ክፍያው ከእሷ ስልክ ወደ ተቋሙ ቁጥር በቀጥታ ይሂድ። አንተ መሃል ከገባህ አንድ ቀን ሒሳብ ሲጎድል የምትጠየቀው አንተ ነህ፤ እሷም ደረሰኝ የላትም። "በስህተት ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ" የሚል መልእክት ከመጣልህም አትመልስ። መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብህን አይ።

እህት ከሚኒያፖሊስ፦ ብቻዋን ለምትሄድ ሴት ያሰጋል?

መላሽ፦ ይህን የኖረችበት ሴት ትመልስልሽ። እኔ ብናገር ግምት ነው።

ነርሷ፦ እኔ ናይሮቢ ለሥራ ቆይቻለሁ። ከመሸ በቦዳ ቦዳ ሞተር አትሂጂ፣ ቤት ስትከራዪ ከሥራ ባልደረባ ሰፈር ተከራዪ። ሌላው እንደማንኛውም ከተማ ነው።

መላሽ፦ ተባረኪ።

ተማሪዋ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ብድር ድህነትን ያጠፋል ብለው ያምናሉ? መመረቂያ ጽሑፌ በዚህ ላይ ነው።

መላሽ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተሙ ስድስት ጥናቶች አሉ፤ ከነሱ ጀምሪ። ቦስኒያ፣ ሕንድ፣ ሜክሲኮ፣ ሞንጎሊያ፣ ሞሮኮ፣ እና ኢትዮጵያ። የኢትዮጵያው አማራና ኦሮሚያ ክልል ላይ የተሠራ ነው። ብድር የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን አካባቢዎች ወይም ሰዎች በዕጣ ለይተው ያነጻጸሩ ናቸው። በአማካይ ሲታይ የተበዳሪዎችን ኑሮ ከመሠረቱ የለወጠ ነገር አላገኙም። ያገኙት ሰው ሥራውንና ወጪውን እንደፈለገው ለማስተካከል ትንሽ ሰፋ ያለ ዕድል ማግኘቱን ነው።

እኔ ይህ ትንሽ ነገር ነው አልልም። ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ቀኑ ሲደርስ ፍየል በርካሽ አለመሸጥ ትልቅ ነገር ነው። ግን "በዚህች ብድር ከድህነት ወጣች" ብለሽ አትጻፊ። ያየሽውን ጻፊ፦ ስንት ወሰደች፣ ስንት መለሰች፣ በመሃል ምን ሸጠች፣ ከማን ተበደረች።

ከዳላስ፦ ከተመለስኩ በኋላ ሰዎቹ ገንዘብ ላክልን ቢሉኝስ?

መላሽ፦ ይሉሃል። ለአንዷ ከላክህ ለቡድኑ ሁሉ ጠብ ትልካለህ፤ ብድሯንም "ሐበሻው ይከፍልልኛል" ማለት ትጀምራለች። ለሞት ለሕመም ከሆነ ቡድኑ በሚያዋጣበት መንገድ፣ በቡድኑ ስም፣ ጸሐፊዋ መዝግባ ትቀበልህ። ለሌላው ደውልላቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ልጆቹ ጠይቃቸው። እነሱም ስለ እናትህ ይጠይቁሃል።

ከሀምቡርግ፦ እኔ ስለ ሞምባሳም ትንሽ...

መላሽ፦ ስለ ሞምባሳ አላውቅም።