የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነን መሬት ቢንቀጠቀጥ

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔና ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ6 ዓመት ሴት ልጃችን፣ እንዲሁም ጉልበታቸውን የሚያማቸውና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱት አማቴ አብረን ነን። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት ቤቱ ሲወዛወዝ ባለቤቴ ወንዱን፣ እኔ ሴቷን ይዘን በደረጃው ሮጠን ወረድን። አማቴ ላይ መቅረታቸውን ያስተዋልነው ግቢው ውስጥ ከቆምን በኋላ ነው። እርሳቸው እስከ ዛሬ በአንድ ቃል እንኳ አልወቀሱንም፤ እኔ ግን ያቺን ሌሊት ከልቤ ማውጣት አልቻልኩም። ትንሿ ልጄም ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ትደነግጣለች። ቤተሰቤን እንዴት ላዘጋጅ? (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያቺን ሌሊት በደረጃ የሮጠው ቤተሰብ የእርስዎ ብቻ አልነበረም። አማትዎ ላይ የቀሩት ቤተሰቡ እንዲህ ባለ ጊዜ ማን ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ስላልተነጋገረና እያንዳንዱ እጁ የደረሰበትን ይዞ ስለሮጠ ነው። ለእርሳቸው የሚበጀው ነገር ለሁላችሁም የሚበጅ መሆኑ ግን ትልቅ እፎይታ ነው፦ መሬት እየተንቀጠቀጠ ሳለ ከአራተኛ ፎቅ ማንም አይወርድም። ማንም ካልወረደ ደግሞ ላይ የሚቀር ሰው አይኖርም።

የዚያ ሌሊቱ መንቀጥቀጥ መጠኑ ወደ 5.8 የሚጠጋ ሲሆን፣ የተነሣው በአፋር ክልል፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ነው። በስምጥ ሸለቆ ስር ያሉት ሁለት ግዙፍ የመሬት ቅርፊቶች በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ በሚከፈተው ስንጥቅ ውስጥ ቅልጥ አለት ሲገፋ ከላይ ያለው መሬት ይናጋል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ለወራት የተደጋገመው መንቀጥቀጥ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አንሥቷል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ስለዚህ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት ለይቶ መናገር የሚችል ባለሙያ በዓለም ላይ ስለሌለ፣ «ዛሬ ማታ በዚህ ሰዓት» የሚል መልእክት ሲደርስዎ ለሌላ ሰው አያስተላልፉት።

አሁን ወደ ቤትዎ እንግባ። መንቀጥቀጡ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ በደረጃ የሚሮጥ ሰው ደረጃው መሐል ሳለ ይያዛል፣ ይወድቃል፣ ይረጋገጣል። በበረንዳ መዝለልማ ከመንቀጥቀጡ የከፋ ጉዳት ያመጣል። ሊደረግ የሚገባው በጉልበት ወርዶ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር መግባት፣ ራስንና ማጅራትን በክንድ መሸፈን፣ የጠረጴዛውንም እግር አጥብቆ ይዞ መንቀጥቀጡ እስኪያበቃ መቆየት ነው። ጠረጴዛ ከሌለ ከመስኮትና ከቁምሳጥን ርቆ በውስጠኛው ግድግዳ ሥር ማጎንበስ ይሻላል። በር ሥር መቆም የሚለው የቆየ ምክር በብሎኬት ለተከፈለ ቤት አይሠራም፤ የበሩ መቃን ከሌላው ግድግዳ የተለየ ጥንካሬ የለውምና። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ምድር ቤት ባለ የጭቃ ወይም ልል የድንጋይ ቤት ውስጥ የሚኖር ዘመድ ካለዎትና በሩ በጥቂት እርምጃ የሚደረስበት ከሆነ፣ ለእርሱ ፈጥኖ ሜዳ ላይ መውጣቱ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

አማትዎ አልጋ ላይ ከሆኑ እዚያው ይቆዩ፤ ፊታቸውን ወደ ታች አድርገው ራሳቸውንና አንገታቸውን በትራስ ይሸፍኑ። ወንበር ላይ ከሆኑ ወደ ፊት አጎንብሰው ማጅራታቸውን በእጃቸው ይያዙ። እርሳቸው ካልተንቀሳቀሱ መንቀሳቀስ የሚገባው አልጋቸው ነው፦ ከመስኮቱ ያርቁት፣ ከራስጌያቸውም በላይ ሥዕልም ሆነ መደርደሪያ አይኑር። ከዘራቸው፣ መነጽራቸውና ጫማቸው እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። መንቀጥቀጡ ሲያቆም አብሯቸው የሚወርደው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ በስም ይወሰን፤ ሁለተኛም ተጠባባቂ ይኑር፤ ባለቤትዎ ሥራ ላይ ሊሆኑ ይችላሉና። ይህን ስትነጋገሩ አማትዎ ባሉበት ይሁን፤ ስለ እርሳቸው ሳይሆን ከእርሳቸው ጋር ተነጋገሩ። ምናልባትም ያቺን ሌሊት ከልብዎ ለማውጣት የሚረዳዎት ይህ ንግግር ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ።

መንቀጥቀጡ እንዳበቃ ሁሉም ጫማውን ያድርግ፤ በባዶ እግር የተሰበረ ብርጭቆ መርገጥ የተለመደ ጉዳት ነው። የጋዝ ሲሊንደሩን ዝጉ፤ ጋዝ ከሸተታችሁ መስኮት ከፍታችሁ ውጡ እንጂ ሻማም ሆነ ክብሪት አትለኩሱ፣ የመብራት ማብሪያም አትንኩ። ከዚያ በኋላ በእርጋታ በደረጃ ትወርዳላችሁ፤ ሊፍት ባለበት ሕንፃም ቢሆን በሊፍት አይወረድም። ተከታይ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ስለሚችል መገናኛችሁ ከሕንፃውና ከኤሌክትሪክ ሽቦ የራቀ ሜዳ ይሁን።

ቤት ውስጥ ሰውን የሚጎዳው በአብዛኛው የሚወድቀው ዕቃ ነው። ቁምሳጥኑንና ቡፌውን በብረት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ያሳስሩ፤ ቁምሳጥን ላይ የተጫነውን ሻንጣ ያውርዱ፤ ከባዱን ድስት ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው ያዛውሩ። ለዚህ አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

ስንቅን በተመለከተ አያቶቻችን ቀድመውናል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ እሳት ሳይነድ የሚበሉ፣ የማይበላሹና ቀላል ናቸው። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ተብሎ ሲታሰብ፣ ለአምስታችሁ ለሦስት ቀን 60 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ነው፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ይህን ያህል ማስቀመጥ ያውቅበታል፣ የሚጎድለው በየጊዜው መለወጡ ብቻ ነው። በአንድ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ፊሽካ፣ የአማትዎ የአንድ ሳምንት መድኃኒትና የመድኃኒቱ ስም ከነመጠኑ የተጻፈበት ወረቀት፣ የመታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የቤት ካርታ ቅጂዎች ይግቡ። ኔትወርክ ሲቋረጥ ቴሌብርም ባንክም ስለማይሠራ ዝርዝር ብር አይርሱ።

አደጋው ቀን ላይ ቢደርስ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እናንተ ሥራ ቦታ ትሆናላችሁ። ልጆቹን ማን እንደሚወስድ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ። ሁለቱም ልጆች የእርስዎን ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይያዙ። የስልክ መስመር ሲጨናነቅ አጭር የጽሑፍ መልእክት ከጥሪ ይልቅ የማለፍ ዕድል አለው፤ ስለዚህ ደሴም ይሁን ዋሽንግተን ከከተማው ውጭ ያለ አንድ ዘመድ መርጣችሁ፣ ሁሉም «ደኅና ነኝ» የሚለውን ለእርሱ ይላክ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ሲሆኑ፣ ወረቀት ላይ ተጽፈው በሩ ጀርባ ይለጠፉ።

ስለ ትንሿ ልጅዎ፦ «ምንም የለም፣ ዝም በይ» አይበሏት፤ የተሰማት ነገር እውነት ነበርና። መሬት አንዳንድ ጊዜ እንደምትነቃነቅ፣ ያን ጊዜ ምን እንደምታደርግም እንደምታውቅ ይንገሯት። በወር አንዴ ሁላችሁም ጠረጴዛ ስር ግቡ፤ አያቷም አልጋቸው ላይ ሆነው በትራስ ራሳቸውን ሲሸፍኑ ትያቸው። ሕፃን የሚያስፈራውን ነገር በእጁ የሚሠራው ሥራ ሲያገኝለት ፍርሃቱ ይቀንሳል። እንቅልፍ ማጣቷ ከቀጠለ ግን የሕፃናት ሐኪም ያማክሩ።

ከእድርዎ ጋርም ይነጋገሩ። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ያለው፣ የአባላቱን ቤት አንድ በአንድ የሚያውቅ ማኅበር ከመጀመሪያዎቹ ደራሾች አንዱ መሆኑ አይቀርም። በየሕንፃው በራሳቸው መውረድ የማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን እነማን እንደሆኑ የሚያሳይ ዝርዝር ለመያዝ ከአንድ ስብሰባ የበለጠ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ከደቻቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው የምኖረው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ከተማው ላይ ካልዘነበ የሚያሰጋኝ ነገር አለ? (አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አዎ፣ አለ። ደቻቱን የሚሞላው ከከተማው በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ የሚጥለው ዝናብ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ሰው እንደተኛ ደርሶ ከ200 በላይ ሕይወት አጥፍቷል። ስለዚህ በክረምት ወራት ከራስዎ ሰማይ ይልቅ የደጋውን ሰማይ ይመልከቱ፤ ወደዚያ መብረቅ ሲበዛ ከአሸዋው ላይ ይነሡ፣ ልጆችም እዚያ አይጫወቱ። ጉልበት የማይደርስ ፈጣን ጎርፍ አዋቂ ሰው ይጥላል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው ደግሞ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ስለዚህ በእግርም ሆነ በባጃጅ ለመሻገር አይሞክሩ። ወደ ከፍታ የሚወስደውን መንገድ ከቤተሰብዎ ጋር በቀን ብርሃን፣ ከዚያም አንድ ምሽት በጨለማ ሄዳችሁ ሞክሩት። ደጋ ላይ ዘመድ ካለዎት ከባድ ዝናብ ሲጥል በማንኛውም ሰዓት እንዲደውልልዎ ይስማሙ፤ በክረምትም ስልክዎ ሌሊት ድምፁ አይጥፋ።