ከአማዞን ወዲያ የመጽሐፍ ገበያ አለ? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በመጽሐፍ ገበያ ላይ ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ኦንላይን መግዛት ለምዶብኛል፤ ግን ገንዘቤ ሁሉ ወደ አማዞን መሄዱ ደስ አይለኝም። ምን ላድርግ?

አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ካለህ ቡክሾፕ ዶት ኦርግ አለልህ። አንዲ ሃንተር የሚባል አሳታሚ በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው የከፈተው፤ ብዙም ሳይቆይ ኮሮና መጣና መደብሮች በራቸውን ዘጉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ገጹ ላይ የምትወደውን መደብር ትመርጣለህ፣ ታዛለህ፣ መጽሐፉ ግን በቀጥታ ከአከፋፋዩ መጋዘን ይላክልሃል። ባለ መደብሩ ካርቶን አላሸገም፣ ፖስታ ቤት አልተሰለፈም፤ ከሽፋኑ ዋጋ ግን 30 በመቶው ይደርሰዋል። መደብር ሳትመርጥ ብትገዛም 10 በመቶው አንድ ቋት ውስጥ ገብቶ ለአባል መደብሮች ይከፋፈላል። ከራሱ መደርደሪያ አንስቶ ሲሸጥልህ ግን ከ30 በመቶ የበለጠ ይቀርለታል። ስለዚህ በእግርህ የምትደርስበት መደብር ካለ በእግርህ ሂድ።

ጥያቄ፦ እኔ የማነበው በጆሮዬ ነው። ለድምፅ መጽሐፍስ?

ሊብሮ ኤፍኤምን ሞክሪ። እዚያም መደብር ትመርጫለሽ፣ ከገዛሽውም ድርሻውን ያገኛል። ፋይሉ አልተቆለፈም፤ አውርደሽ በፈለግሽው ስልክ ታዳምጫለሽ።

ጥያቄ፦ ረቂቄ አልቋል። 1,000 ቅጂ አሳትሜ ባይሸጥስ?

ፍርሃትህ ልክ ነው። ያልተሸጠ መጽሐፍ አልጋ ሥር ተደርድሮ አቧራ ሲጠጣ ያየ ሰው ያውቀዋል። መፍትሔው በትእዛዝ ማተም ነው፤ የአሜሪካው አከፋፋይ ኢንግራም ከ1997 ጀምሮ ይሠራበታል። መጽሐፍህ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ሰው ሲያዝ ገጾቹ ይታተማሉ፣ ጀርባው ትኩስ ሙጫ ይቀባል፣ ሽፋኑ ይለጠፋል፣ ሦስቱ ጠርዞች ይከረከማሉ፣ በቃ፣ አንድ መጽሐፍ። የአንዱ ቅጂ ወጪ ከፍ ይላል። ለ50 ወይም ለ100 ቅጂ ያዋጣል፤ ብዙ ሺህ እንደምትሸጥ እርግጠኛ ከሆንክ ግን በአንዴ ማሳተሙ ይረክሳል።

ሌላው መንገድ አስቀድሞ መሸጥ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ብራንደን ሳንደርሰን በ2022 ኪክስታርተር በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጽ ላይ አራት ልብወለዶች ገና ሳይታተሙ ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። በቁጥሩ አትደንግጥ፤ ሰውየው ለዓመታት ያፈራው አንባቢ ነበረው። ከእሱ ልትወስደው የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ ገዢዎቹን ያውቃቸዋል፣ ሊጽፍላቸውም ይችላል። አማዞን መጽሐፍህን ማን እንደገዛው አይነግርህም። ሺህ ቅጂ ሸጠህ የአንዱንም አንባቢ አድራሻ ሳታውቅ ትቀራለህ፤ ለሁለተኛው መጽሐፍህ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለህ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምረህ የአንባቢዎችህን ኢሜይል በፈቃዳቸው ሰብስብ። ከሽፋን ዲዛይን በፊት ይሄ ይቅደም።

ጥያቄ፦ ትንሽ መጽሐፍ መደብር አለችኝ። አፕ ላሠራ?

ቆይ፣ መጀመሪያ መደርደሪያሽን እዪ። ጄምስ ዳውንት የሚባል መጽሐፍ ነጋዴ በ2011 ዋተርስቶንስ የተባለውን ባለ ብዙ ቅርንጫፍ የእንግሊዝ መጽሐፍ መደብር መምራት ሲጀምር ድርጅቱ ሊወድቅ ደርሶ ነበር። አሳታሚዎች መስኮትና ጠረጴዛ ላይ ቦታ ለመያዝ የሚከፍሉትን ገንዘብ አልፈልግም አለ። የሚደረደረውን የየመደብሩ ሠራተኞች ይምረጡ አለ። ሳይሸጥ ወደ አሳታሚ የሚመለሰው መጽሐፍ በጣም ቀነሰ። በ2019 ይህንኑ አሠራር ይዞ የአሜሪካውን ባርንስ ኤንድ ኖብል መምራት ጀመረ፤ ያም ሲዘጋጋ የኖረ ድርጅት ዛሬ አዳዲስ ቅርንጫፎች ይከፍታል።

ጥያቄ፦ አማዞን በርካሽ እየሸጠ፣ በአንድ ቀን እያደረሰ፣ ሌላው እንዴት ይቋቋመዋል?

ዋጋውን በሕግ የያዙ አገሮች አሉ። ፈረንሳይ በ1981 ባወጣችው ሕግ ዋጋውን አሳታሚው ይወስናል፤ ሻጭ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ አይችልም። አማዞን ማድረሻውን ነፃ ሊባል በሚችል ዋጋ ሲያደርገው፣ ከ2023 ጀምሮ ከ35 ዩሮ በታች ለሆነ ትእዛዝ ቢያንስ 3 ዩሮ የማድረሻ እንዲከፈል ተደረገ። አንባቢው ትንሽ ይከፍላል፤ እኔ ይገባል ባይ ነኝ።

ፍጥነቱ ደግሞ የአማዞን ፈጠራ አይደለም። ጀርመን ውስጥም የመጽሐፍ ዋጋ በሕግ የተወሰነ ነው፤ አከፋፋዮቹ ደግሞ አማዞን ሳይፈጠር ጀምሮ ሌሊቱን መጽሐፍ ያመላልሳሉ። አመሻሽ ላይ ወደ ሰፈርህ መደብር ገብተህ የሌላቸውን መጽሐፍ ትጠይቃለህ፣ ሻጯ ትመዘግብልሃለች፣ ሌሊት መኪናው ሣጥኑን በር ላይ አድርሶ ይሄዳል። ጠዋት ስትመለስ መጽሐፉ ስምህ ተጽፎበት ከባንኮኒው ጀርባ ይጠብቅሃል።