መልስ፦ ከአምስት ከተማ ዳታቤዝ አንድ ስም መፈለግ

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ሆነህ የቡሬን፣ የፍኖተ ሰላምን፣ የሞጣንና የቢቸናን የአባላት ዳታቤዝ ባንዴ ስትፈልግ ለምን ይንቀራፈፋል ላልከው፦ ጥያቄው ለሁሉም ይላካል፣ መልሱ ግን የሚደርሰው በቀርፋፋው ልክ ነው። የሞጣ መስመር ከተቋረጠ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። የጊዜ ገደብ አድርግለትና የተገኘውን አውጣ። «ስሙ የለም» እና «ከተማው አልመለሰም» እንዳይምታቱ ብቻ!

እኔ ብሆን ማርቆስ ላይ ኢንዴክስ (ማን የት እንዳለ የሚያሳይ አጭር ማውጫ) እይዛለሁ። ሙሉ መዝገቡን ወደ ማርቆስ አታምጣ። ስም፣ መለያ ቁጥርና ከተማው ይበቃሉ፤ ከተሞቹ ለውጡን ማታ ማታ ይላኩልህ፣ ዝርዝሩን ከዚያው ከተማ ትጠይቃለህ።

ደግሞ ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ለኮምፒውተር 3 ሰው ናቸው። ሲመዘገብም ሲፈለግም ፊደሉን ወደ አንድ መልሰው። ይሄ ብቻውን ስንቱን «ጠፋ» የተባለ አባል ያገኝልሃል።

ያላችሁ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ፖስትግሬስ ከሆነ፣ ከሌላ ሰርቨር ጋር ማገናኛው አብሮት ይመጣል፤ ሌላ አትግዛ።