ለሚግል አሮጌ ኮምፒውተር ካርድ ከመግዛትህ በፊት ስቲከሩን አንብብ

ጥያቄህ ይሄ ነው፦ «የቢሮ የነበረ ብራንድ ዴስክቶፕ አለኝ፤ አይ5-4570፣ 8 ጊጋ ራም፣ ጂቲ 730 የግራፊክስ ካርድ። ጌም ከፍቼ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ይግላል፣ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ድርግም ብሎ ይጠፋል። በትንሽ ገንዘብ የትኛውን ካርድ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ከእኔ በላይ ከመለሱልህ ግማሹ ሰው «አርኤክስ 580 ግዛና ተገላገል» ብሎሃል። 580 በራሱ ክፉ ካርድ አይደለም። ግን 185 ዋት ይበላል፤ የበላውን ሁሉ ደግሞ መልሶ ሙቀት አድርጎ እዚያው ሳጥንህ ውስጥ ይተፋዋል። በ84 ዋት ፕሮሰሰር ብቻ እንዲህ የሚያልበው ማሽን ላይ እሱን መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። አንተ ካርድ የምትመርጠው በፍጥነት ማወዳደሪያ (ቤንችማርክ) ሰንጠረዥ ሳይሆን በሳጥንህ ነው፦ ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ስንት ይሰጣል፣ ስሎቱ (ማዘርቦርዱ ላይ ካርዱ የሚሰካበት ቦታ) ምን ይቀበላል፣ ሙቀቱስ በየት በኩል ይወጣል።

1. «ይግላል» እና «ይጠፋል» ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ መጀመሪያ ለያቸው። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሴንሰሮቹን ብቻ እንዲያሳይ አድርገህ ክፈት፣ ጌሙን 15 ደቂቃ ተጫወት፣ ከዚያ ከፍተኛውን ቁጥር የሚይዘውን ዓምድ እይ። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ተጠግቶ ተርማል ትሮትሊንግ በሚለው መስመር ላይ «የስ» ካለ፣ መንቀራፈፉ የመጣው ከዚያ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ሙቀቱ 70 ላይ እያለ ማሽኑ ገመዱ እንደተነቀለ ሁሉ ጭልም ካለ ግን ሙቀቱን ተወውና ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥር። ምንም ሳይከፈትበት ባዶውን ቆሞ 60 ዲግሪ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ወይ ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) ደርቋል፣ ወይ ሂትሲንኩ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚቀበለው ባለ ክንፍ ብረት) በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይ ፋኑ ሊሞት ነው።

አንዲት ሙከራ ጨምር። የሳጥኑን የጎን ክዳን አንሳና ያንኑ ጌም ያንኑ ያህል ደቂቃ ድገመው። ሙቀቱ ስምንት፣ አሥር ዲግሪ ከወረደ ሳጥኑ አየር አጥሮታል ማለት ነው። ካልወረደ ችግሩ ሂትሲንኩ ላይ ነው። (ክዳኑን ለዘለቄታው ከፍቶ መተው መፍትሔ አይደለም፤ አቧራውን በእጥፍ ትሰበስባለህ።)

2. ካርድ ከመግዛትህ በፊት አጽዳው። ሁሉም ሰው «አጽድቼዋለሁ» ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ያጸዳው የፋኑን ላይኛ ፊት ብቻ ነው። ዋናው አቧራ ያለው በፋኑና በሂትሲንኩ መካከል ነው። ፋኑን ፈትተህ ስታነሳው በብረት ክንፎቹ ላይ ግራጫ ምንጣፍ የመሰለ ነገር ተጋግሮ ታገኛለህ፤ በጣት ስትይዘው እንደ ጨርቅ ተያይዞ ይነሳል። አየሩ እሱን ማለፍ ስለማይችል ፋኑ እየጮኸ ሂትሲንኩ ይግላል። ሳታነሳው በላዩ ብትነፋበት ይብስ ወደ ውስጥ ትጠቀጥቀዋለህ። በብሎወር ስትነፋ ደግሞ የፋኑን ክንፍ በጣትህ ያዘው። በነፋስ ኃይል ከልኩ በላይ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይበላሻል፤ እንደ ጄኔሬተር ሆኖም ወደ ቦርዱ ኤሌክትሪክ ሊመልስ ይችላል።

ፔስቱን ለመቀየር ማሽኑን አምስት ደቂቃ አብራውና አጥፋው፤ ሲሞቅ አሮጌው ፔስት ይላላል። የቢሮ ብራንዶች ሂትሲንክ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው፤ አንዱን ፈትተህ ከመጨረስ ይልቅ ሰያፍ ሰያፉን ትንሽ ትንሽ እያላላህ ሂድ፤ ሲታሰርም በዚያው ሥርዓት። ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ ግራ ቀኝ ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርገህ አላቀው። አሮጌውን ፔስት 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ጥረግ። አዲሱን መሀሉ ላይ የአተር ፍሬ ታክል ብቻ አድርግ፤ ሂትሲንኩ ራሱ ይዘረጋዋል። ማዘርቦርድህ ብሎን ሳይሆን አራት የፕላስቲክ እግር የሚጠቀም ከሆነ እያንዳንዱ ቀጭ ማለቱን ስማ፤ ከአራቱ አንዱ ካልገባ ሂትሲንኩ ዘምሞ ይቀመጥና ልፋትህ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሙቀቱን እንደገና ለካ። በጌም ጊዜ ከ80 በታች ከሆነ ወደ ካርዱ እንሂድ።

3. ፓወር ሰፕላይ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ነው።

የሳጥኑን ጎን ክፈትና ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አንብብ። በትልቁ የተጻፈውን ዋት እለፈው። 12 ቮልት በሚለው ዓምድ ሥር ስንት አምፔር እንዳለ እይና በ12 አባዛው፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡት ከዚያ መስመር ነው። 500 ዋት ተብሎ በተለጠፈ ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ 12 ቮልቱ 16 አምፔር ብቻ ቢል፣ ለፕሮሰሰርና ለካርድ ያለህ 192 ዋት ነው፤ የቀረው ዛሬ ብዙም በማይፈለጉት በ5 እና በ3.3 ቮልት መስመሮች ላይ ነው የተጻፈው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። 12 ቮልቱ ለሁለት ከተከፈለ ደግሞ ሁለቱን አምፔር አትደምር፤ የጋራ ጣሪያቸው ዝቅ ብሎ ለብቻው ይጻፋል። የቢሮ ብራንዶች በአንጻሩ 240፣ 255 ወይም 290 ዋት ቢሉም አብዛኛውን ጊዜ የጻፉትን ይሰጣሉ።

የአንተን ሒሳብ እንሥራ። ፕሮሰሰሩ 84፣ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ፋኖቹ በልግስና 50፣ ባለ 75 ዋት ካርድ ሲጨመር 210 ገደማ። ለ290 ዋቱ ምቹ ነው፤ ለ240ው ጠባብ ቢሆንም ይሄዳል። ባለ 185 ዋቱን 580 ስታስገባ ግን 320 ገባህ። እዚህ ጋ ነው ሻጭ «ኬብል እንሰጥሃለን» የሚለው። የሚሰጥህ ከሳታ (የዲስክ የኃይል ገመድ) ወደ 6 ፒን (የካርድ የኃይል ሶኬት) የሚቀይር ኬብል ነው። አትቀበለው! አንድ የሳታ ኮኔክተር በ12 ቮልት የተፈቀደለት 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው፤ 6 ፒኑ እስከ 75 ሊስብ ይችላል፤ 8 ፒን ከሆነ 150። ትርፉ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ የሚቀልጠውም ጌሙ በጋለበት ሰዓት፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ማንም በማያይበት ነው። ይህን ኬብል ከካርድ ጋር መርቆ የሚሰጥ ሰው ዕቃውን ከማራገፍ ሌላ ሐሳብ የለውም።

«ታዲያ ፓወር ሰፕላዩን ልቀይር» ካልክ ማዘርቦርዱን አስቀድመህ እይ። ከብራንዶቹ ብዙዎቹ የተለመደውን ባለ 24 ፒን ሶኬት ትተው የራሳቸውን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ይጠቀማሉ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹም ላይገጥሙ ይችላሉ። መቀየሪያ ኬብል አለ፤ ግን ኬብል፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ከዚያ ትልቅ ካርድ እያልክ ስትደምር በትንሽ ገንዘብ የተባለው ነገር ቀረ።

ስለዚህ አንተ የምትፈልገው ከስሎቱ ብቻ የሚመገብ ካርድ ነው። የግራፊክስ ስሎት በደንቡ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ አንዳንድ ትንንሽ የቢሮ ሳጥኖች ግን ከዚያ በታች ይገድቡታል፤ ገደቡ በሞዴሉ ማንዋል ላይ ስለሚጻፍ አረጋግጥ።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መቁጠሩን ልተወው፤ ምርጫው ራሱ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። ከስሎት ብቻ ከሚመገቡት ውስጥ ለአንተ ቀዳሚው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው ነው፤ 70 ዋት ነው። ባለ 8 ጊጋው ግን 130 ዋት ሆኖ የራሱን የኃይል ኬብል ይጠይቃል፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ በማስታወቂያ ላይ እየተቀላቀሉ ነው የሚሸጡት። ለእሱ አቅም ካጠረህ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 ባለ 75 ዋቱ። እዚህም ተጠንቀቅ፤ 1650 ሱፐር 100 ዋት ነው፤ ከተራው 1650 ውስጥም 6 ፒን የተጨመረባቸው አሉ፤ የካርዱን ጠርዝ በፎቶ አይተህ ሶኬት እንደሌለው አረጋግጥ። ሦስተኛው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው። ይሠራል፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. የ2016 ካርድ ነው፤ ኢንቪዲያም ለዚያ ትውልድ መደበኛ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን በ2025 አቁሟል። ዋጋው ከ1650 በጣም ካልራቀ አትድከምበት።

አርኤክስ 6400 የሚሏት ደግሞ አለች። 53 ዋት፣ አዲስ፣ ትንሽ፣ ቀዝቃዛ ስለሆነች ለአሮጌ ማሽን የተሠራች ነው የምትመስለው። ወጥመዱም እሱ ነው። ካርዷ ከማዘርቦርድ ጋር የምታወራው በ4 መስመር ብቻ ነው። አራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ባለው ቦርድ ላይ ያ በሰከንድ ወደ 8 ጊጋባይት ይሆናል፤ የአንተ ቦርድ ሦስተኛው ትውልድ ስለሆነ ወደ 4 ይወርዳል። ጌሙ 4 ጊጋ ሜሞሪዋን እስካልሞላ ድረስ ልዩነቱ ብዙም አይታይህም። በሞላ ጊዜ ግን ትርፉን ከራም ማመላለስ ትጀምራለች፤ በዚያ ጠባብ በር እየተጋፋ ምስሉ ይቆራረጣል። 1650 በ16 መስመር፣ 3050 በ8 መስመር ስለሚሠሩ ይህ ጣጣ እንደዚያ አይጠናባቸውም። 6400 ላይ ቪዲዮ የሚቀርጽ ኢንኮደርም ስለሌለ፣ ስክሪን ልቅረጽ ስትል ሸክሙ የሚወድቀው በዚያው በሚግለው ፕሮሰሰር ላይ ነው። ኢንቴል አርክ ኤ380ም ለአንተ አይሆንም፤ ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርገውን ነገር አጥብቆ ይፈልጋል፤ የአንተ ዘመን ቦርዶች ደግሞ ይዘውት አልወጡም።

ያገለገለ ስትገዛ ሻጩ ፊት ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርዱን ማንነት የሚያሳይ ፕሮግራም ክፈት። እውነተኛ 1050 ቲአይ 768 ኮር፣ 1650 ደግሞ 896 ኮር ነው የሚያሳየው። የድሮ ካርድ ባዮሱ (ውስጡ የተጫነው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ 1050 ቲአይ ተብሎ ይሸጣል፤ ዊንዶውስ ስሙን አምኖ ያሳይሃል፣ ጂፒዩ-ዚ ግን ብዙውን ጊዜ ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፍልሃል። ኮምፒውተር ከሌለ ጀርባውን ብቻ እይ፦ 1050 ቲአይ ነው ተብሎ ሰማያዊው የቪጂኤ ቀዳዳ ካለበት፣ ወሬ ሳታበዛ መልስለት። በዚያው 580 ሲባልም ኮሩን ቁጠር፤ ትክክለኛው 2304 ነው፤ 2048 ካለ የ570 ነገር በ580 ስም ነው።

ሳጥንህ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ያስፈልግሃል፤ አጭሩ የብረት ማሰሪያ አብሮት መኖሩን ጠይቅ፤ ያለ እሱ ካርዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ርዝመቱን በሜትር ለካ፤ የሳታ ሶኬቶቹ ካርዱ የሚያርፍበት ጋ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስትገጥመው፦ አሮጌውን ካርድ ከማውጣትህ በፊት የማዘርቦርዱን ባዮስ ከአምራቹ ገጽ አድስ፤ አንዳንድ የቢሮ ቦርዶች አዲስ ካርድ ሲያዩ ጥቁር ስክሪን የሚሆኑት በዚህ ነው። አሮጌውን ድራይቨር በሴፍ ሞድ በዲዲዩ (ድራይቨር ጠራርጎ በሚያጠፋው ፕሮግራም) አጥፋ። ገመዱን ነቅለህ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫን፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ራምህ አንድ ባለ 8 ጊጋ ከሆነ ሌላ ዲዲአር3 ባለ 8 ጨምርበት፤ በሁለት ቻናል ሲሠራ የጌሙ መቆራረጥ በግልጽ ይቀንሳል። ከዚያ በኤምኤስአይ አፍተርበርነር የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 85 በመቶ አውርድ፣ ፍሬሙንም ሞኒተርህ 60 ሄርዝ ከሆነ 60 ላይ ገድብ። ከ60 በላይ ያለውን ሞኒተርህ አያሳይህም፤ ሳጥኑ ግን ሙቀቱን ይቀበለዋል። ከፊት አየር የሚያስገባ አንድ ፋን ማሰሪያ ቦታ ካለ እሱን ጨምር፤ አብዛኞቹ የቢሮ ሳጥኖች ያላቸው የሚያስወጣ ብቻ ነው።

ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ካርዱ 50 እና 60 በመቶ ላይ ሲዋልል ካየህ ካርዱን አትውቀስ፤ 4570 አራት ኮር ብቻ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ካርድ ብታስገባበት እንኳ ያው ነው።

ሞኒተርህ ቪጂኤ ብቻ ካለው ደግሞ አዲሶቹ ካርዶች ያንን ቀዳዳ የላቸውም፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ ውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ አብረህ ግዛ። ኬብሉን ካርዱ ላይ ሰካው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተህ «አይሠራም» ብለህ እንዳትመጣ። የፓወር ሰፕላዩን ስቲከርና የማሽኑን ሞዴል ፎቶ እዚህ ለጥፈው፤ አምፔሩን አብረን እናባዛዋለን።